ዕድሏ አይደለም፣ እግሬ ነው

«መዝጊያ» የሚለውን ስም ያወጡላት ደጋፊዎች ናቸው። ኳስ ይዞ በእሷ በኩል የሚያልፍ ስለሌለ ነው። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነበር፤ እሱ ግን እየተረሳ ሄዶ፣ አጎቷ እንኳ ከጎማ ክምር ኋላ ሆነው «አንቺ መዝጊያ፣ ክሪኩን አቀብዪኝ» ይሏት ጀመር። አጎቷ ጎሚስታ ናቸው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቃቸው ጎማ ይነፋሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ይቀይራሉ። እሷም እዚያው ነው ያደገችው፤ የጭነት መኪና ጎማ እያንከባለለች፣ የዛገ ቡሎን በእግሯ እየረገጠች እየፈታች። ሥራው ወገብ ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ወገብ አልተነፈገችም። ጠዋት ጎማ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ልምምድ። ስትመለስ እናቷ በር ላይ ጫማ ካላስወለቁ አያስገቧትም ነበር፣ የጎማው ጥላሸት ምንጣፍ እንዳይነካ።

መታለፍ አትወድም። ይህ ከኳስ በፊትም የነበረ አመሏ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ ክርኗን አውጥታ ነው የምትቆመው። የሰፈሩ ሰው «መዝጊያ ካለችበት ሰልፍ አስከባሪ አያስፈልግም» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ፌንጣ ደግሞ የከተማው የሌላኛው ቡድን አጥቂ ናት። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ቆማ እንኳ እግሯ አርፎ የማይቆም ልጅ ነበረች። ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። በዚያ ዓመት ለብሔራዊ ቡድን ተጠርታ ነበር። ወንድምየው ፎቶዋን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ የተቀመጠውን ሁሉ «ያቺን አየሃት? እህቴ ናት» ሳይለው አያስነሳውም ነበር።

ሁለቱ ቡድኖች የተገናኙት በውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ለመዝጊያ ቡድን አቻ መውጣት ይበቃዋል፤ አቻ ከወጡ ዋንጫው የእነሱ ነው። በእረፍት ሰዓት አሰልጣኙ መልበሻ ቤቱ ጥግ ላይ ለብቻዋ ጠራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚ፣ ፌንጣ ይህን ጨዋታ ቆማ ከጨረሰች ዋንጫውን እርሺው» አላት። ሌላ ነገር አልጨመረም። እሷም ምን ማለትህ ነው ብላ አልጠየቀችም።

ከእረፍት በኋላ ፌንጣ ሁለት ጊዜ አለፈቻት። አንዴ ኳሱን በእግሮቿ መሃል አሳለፈችና ዞራ ሄደች፤ ተመልካቹ ሳቀ። ሁለተኛው ላይ ግብ ጠባቂዋ ባታድናቸው ኖሮ አልቆላቸው ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፌንጣ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ኳሱን ወደ ቀኝ ነካ አድርጋ አሳለፈችው። መዝጊያ ኳሱ እንደሄደ አይታለች። አሁን እግሯን ብትዘረጋ ኳስ እንደማታገኝ አውቃለች። ቢሆንም ሸርተቴ ገባች፤ ታኬታዋን አስቀድማ።

ድምፁን የማዕዘን ምት ባንዲራው ጋ የቆሙት ሳይቀሩ ሰምተውታል። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው። ዳኛው ቢጫ ካርድ አወጣ። ፌንጣን በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት። ጨዋታው አቻ አለቀና ደጋፊው አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው። «መዝጊያ ዘጋችው» የሚል ዘፈን እዚያው ተፈጠረ። አሰልጣኙ ግንባሯን ሳማት። የክለቡ ሊቀመንበር ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ፣ ጨዋታ ነው፣ ያጋጥማል» አሏት። እሷ አንድ ታኬታዋን አውልቃ አንዱን እንዳደረገች መልበሻ ቤት ቁጭ ብላ ቀረች። ዋንጫውን ሲቀባበሉት እሷ ጋ ሲደርስ እጇን አላነሳችም።

ወሬው ብዙም ሳይቆይ መጣ። የፌንጣ ቅልጥም ተሰብሯል፤ የጉልበቷ ጅማትም ተበጥሷል። ሐኪሞቹ ትራመዳለች፣ ኳስ ግን አትጫወትም ብለዋል። መዝጊያ ይህን የሰማችው ራት ላይ ከሬዲዮ ነው። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ዕድሏ ነው፣ ልጄ» አሉ እናቷ። «የተጻፈ አይፋቅም። አንቺ ምን ታደርጊ።»

«ዕድሏ አይደለም፣ እማዬ። እግሬ ነው።»

«እንዲህ ብለሽ ለሰው እንዳትናገሪ።»

«ለማን ልናገር ታዲያ? ለጎማ?»

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች። ፌንጣ ከተኛችበት ክፍል በር ላይ ወንድሟ ቆሟል። ከሥራ ሮጦ ነው የመጣው፣ ነጭ ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም፤ የሰው ፀጉር እላዩ ላይ አለ። ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ልታዪ መጣሽ? የሠራሽውን?»

«አዎ» አለችው።

ትክዳለች ብሎ ነበር የጠበቀው። እጁን በሩ ላይ ዘርግቶ «እግርሽን ከዚህ አንሺ» አላት። ከውስጥ «ማናት?» የሚል ደካማ ድምፅ ተሰማ። «ማንም አይደለችም» አለ ወንድምየው። መዝጊያ ተመለሰች።

የፌንጣ ክለብ አቤት አለና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰየመ። የመዝጊያ ክለብ ሊቀመንበር ቢሯቸው አስጠሯት። አሰልጣኙም አለ።

«ቀላል ነው» አሏት። «‹ኳሱን ፈልጌ ነው የገባሁት፣ በደረሰው ጉዳት አዝናለሁ› ትያለሽ። ከዚያ ወደ ቤትሽ።»

«ኳሱ ግን ሄዶ ነበር።»

«ማን አየው?»

«እኔ።»

ሊቀመንበሩ አሰልጣኙን አዩት፤ አሰልጣኙ ጣሪያውን አየ። ወጥታ ለአጎቷ ብትነግራቸው እሳቸውም ያው ናቸው። «ልጄ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ሁሉም ትቶልሻል፤ አንቺም ተዪው።»

«ጋሼ፣ ጎማው ፈንድቶ ሳለ መኪናውን ብናጥበው ይሄዳል?»

አጎቷ መፍቻቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ገቡ።

ኮሚቴው የተቀመጠው አየር በማያስገባ ክፍል ውስጥ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የላስቲክ አበባ አለ፤ ከአበባው ኋላ ሦስት ሰዎች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያወረዱ ሽማግሌ ናቸው። የዳኛው ሪፖርት ከተነበበ በኋላ ቀና ብለው በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ።

«እንግዲህ፣ ልጄ፣ ኳሱን ለማግኘት ስትጥሪ…»

«ኳሱን ለማግኘት አልጣርኩም።»

የሚጽፈው ሰው እስክሪብቶውን አቆመ።

«ኳሱ አልፎ ነበር» አለች መዝጊያ። «እግሯ ግን ገና አላለፈም። እሱን ነው ያየሁት።»

«የምትይውን ታውቂዋለሽ? እንዲህ በይ ያለሽ የለም።»

«እንዲህ አትበይ ነው የተባልኩት።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «አሰልጣኝሽ ያዘዘሽ ነገር አለ?»

አሰልጣኙ በእረፍት ሰዓት ያላትን ቃል በቃል ተናገረች። ከኋላዋ ተቀምጦ የነበረው አሰልጣኝ ብድግ ብሎ «ጠበቅ አድርገሽ ያዣት ማለቴ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም» አለ።

«እሱ ያለውን ብሏል፣ ላለው ራሱ ይጠየቅበት» አለች ሳትዞር። «እግሩ ግን የኔ ነው። ከሱ አፍ እስከኔ እግር ያለውን መንገድ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ሁለት የውድድር ዘመን አገዷት። አሰልጣኙን «ንግግሩ ለትርጉም የተጋለጠ በመሆኑ» በማስጠንቀቂያ አለፉት። ክለቡ ደግሞ በሳምንቱ አሰናበታት፤ ሊቀመንበሩ ሊያናግሯት እንኳ አልፈለጉም፣ ማሊያዋን እንድትመልስ በዘበኛው ላኩባት። አብረዋት ዋንጫ ያነሱት ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋት ስልካቸውን ይነካካሉ። ያንን ዘፈን ያወጡት ደጋፊዎች የጎሚስታውን የቆርቆሮ በር በጥቁር ቀለም «ከሃዲ» ብለው ጻፉበት። አጎቷ ጠዋት መጥተው ሲያዩት ቀለም መደምሰሻ ፍለጋ ሊሄዱ ተነሡ።

«ይተዉት፣ ጋሼ» አለቻቸው። ብሩሽ አመጣችና ከሥሩ በዚያው መጠን «ጎማ እንነፋለን፣ እንለጥፋለን» ብላ ጻፈችበት። ለወራት እንደዚያው ቆየ። ደንበኛ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሊያነብ የሚቆም ሾፌር በዛ።

ከሁሉ ያናደዳት ግን ስድቡ አልነበረም። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መቅረጫውን ይዞ መጣና «በስፖርታችን ያልታየ ጀግንነት ነው፣ እስቲ ስለ ውሳኔሽ አጫውቺን» አላት። የያዘችውን ቸርኬ መሬት ላይ ጣለችው።

«የሰው እግር ሰብሬ ነው ጀግና የምሆነው? ሂድ ወንድሜ፣ ጀግና ሌላ ቦታ ፈልግ።»

ፌንጣ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ፀሐዩ የበረታበት ሰዓት ላይ መዝጊያ ካላማዳሪያውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውኃ በርሜል ውስጥ ነክራ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ስትፈልግ፣ የክራንች ድምፅ ሰምታ ቀና አለች። ፌንጣ ሰው እስኪያስቀምጣት አልጠበቀችም፤ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የጎማ ቁልል ላይ ተቀመጠች። አጎትየው ሁለቱን አዩና ቡሎን የሚገዙ መስለው ወጡ።

«መጥተሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። ለምን ሆስፒታል ደግመሽ አልመጣሽም?» አለች ፌንጣ።

«ወንድምሽ እግርሽን አንሺ አለኝ።»

«የኔን ስታነሺ ማንን አስፈቀድሽ?»

መዝጊያ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ይቅርታ ልጠይ…»

«አትጠይቂኝ። ከጠየቅሽኝ መልስ ልሰጥሽ ነው፣ እኔ ደግሞ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለምን?»

መዝጊያ ዋንጫው ማለት ትችል ነበር። አሰልጣኙ ማለትም ትችል ነበር። ተመልካቹ ሲስቅባት የተሰማትንም ማንሳት ትችል ነበር።

«ልታልፊኝ ነበር» አለች።

ፌንጣ አየቻት። «አዎ፣ ላልፍሽ ነበር።»

«አልፈሽኛል እንጂ። ሁለቴ አለፍሽኝ፣ ሦስተኛውን አልቻልኩትም።»

ፌንጣ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተበላሸባትና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «ሐኪሙ አጥንትሽ ቀድሞም ሳስቶ ነበር ይለኛል። የኔ አሰልጣኝ ሜዳው አንሸራቶሽ ነው ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ቡዳ በላት ይላል። ወንድሜ ሰዉን ፌንጣ እንዳትሏት ብሎ ከልክሎ፣ አሁን ‹እህቴ› ነው የሚሉኝ፣ እንደ ታማሚ። ፌንጣ በሉኝ ነው የምላቸው፣ እግሬን እንጂ ስሜን አልሰበረችውም። ስላለፍኩ ነው የተመታሁት ያለኝ ሰው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔም ከእንግዲህ ኳስ አልጫወትም» አለች መዝጊያ። «ታኬታዬን ለሰው ሰጥቻለሁ።»

ፌንጣ የተቆጣችው ይሄኔ ነው። «ማን አቁሚ አለሽ?»

«ማንም። አንቺ ካቆምሽ…»

«እኔ አላቆምኩም፣ አስቆምሽኝ። ሁለቱን አታደባልቂብኝ። አንቺ ብታቆሚ እኔ ልሮጥ ነው?»

«አትሮጪም።»

«ታዲያ ለማን ብለሽ ነው የምታቆሚው? እቤትሽ ተቀምጠሽ አንጀትሽ እንዲርስ? ቅጣትሽን ጨርሺና ተጫወቺ። እኔም እየመጣሁ ኳስ በነካሽ ቁጥር አፏጭብሻለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሰለቸኝ።»

«እሺ።»

«ሌላም አለ። የእግር እንቅስቃሴ የምሠራበት ሕክምና ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩም አይሠራም። ወንድሜ ሱቁን እየዘጋ ነው ተሸክሞ የሚያወጣኝ። ደንበኞቹ ፀጉራቸው አድጎ አንበሳ መስለዋል። አንቺ የጭነት መኪና ጎማ ካነሳሽ እኔ አላቅትሽም።»

ወንድምየው ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። «እሷ? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«በሕይወት ኑርልኝ» አለችው እህቱ፣ «ግን ሱቅህ ውስጥ ኑር።»

በዚህ ሁኔታ መዝጊያ ያንን ዓመት ፌንጣን ጀርባዋ ላይ አዝላ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከረመች። ጓደኛ ሆኑ የሚል ሰው ካለ አይቶ አያውቅም። ፌንጣ አንዳንድ ቀን ከታች እስከ ላይ ቃል ሳትተነፍስ ትወጣለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ «እንደ አሮጌ አውቶቡስ ነው የምትተነፍሺው» እያለች ትሰድባታለች። ሕክምናው ሲያማት የምትይዘው የመዝጊያን ክንድ ነው፤ ጥፍሯ ምልክቱን ጥሎበታል። እዚያ የሚሠሩት ሴትዮ አንድ ጊዜ አዝነው «እህትማማች ናችሁ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ፌንጣ ሳታቅማማ «የሰበረችኝ ናት» አለቻቸው። መዝጊያም «አዎ፣ ነኝ» አለች። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አቆሙ።

አንድ ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ «አውርጂኝ» አለቻት። የደረጃውን ብረት ይዛ የቀረውን በራሷ እግር ወጣችው፣ እያረፈች፣ እያላባት። መዝጊያ ብትወድቅ ልትይዛት እጇን ዘርግታ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት ፌንጣ ሳትዞር።

ሰበሰበች።

እገዳው ሲያበቃ መዝጊያን የወሰዳት በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ትንሽ ቡድን ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ፌንጣ ምርኩዟን ይዛ ወንድሟን አስከትላ መጣችና ፊት ለፊት ተቀመጠች። ኳሱ መዝጊያ እግር ላይ ገና ሲደርስ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አፏጨች። ነገሩን የሚያውቅ ተመልካች ተቀበላት። ወንድምየው ማፏጨት አይችልም፤ እሱ ወንበሩን በጫማው ይደበድባል። መዝጊያ ኳሱን ለጓደኛዋ አቀበለችና ቦታዋን ያዘች። ደግሞ ስትነካው ደግሞ ተፏጨባት። በእረፍት ሰዓት አንድ አስተናጋጅ ወደ ፌንጣ ሄዶ «እህቴ፣ እባክሽ ጨዋታ አትረብሺ» ሲል መዝጊያ አየችውና ወደ ውስጥ መግባቷን ትታ አጥሩ ድረስ መጣች።

«ተዋት። መብቷ ነው።»

«ስድብ ነው እኮ…»

«አውቃለሁ። ተዋት አልኩህ።»

በሁለተኛው አጋማሽ አንዲት ፈጣን ልጅ በግራ በኩል መጣችባትና ኳሱን አሳለፈችው። ሸርተቴ ብትገባ ልጅቷን ታገኛት ነበር። አልገባችም። ዞራ ሮጠች፣ አልደረሰችባትም፣ ጎል ሆነ። አዲሷ አሰልጣኟ ከመስመሩ ላይ ጮኸችባት። «ለምን አልጣልሻትም?»

«አለፈችኝ» አለች መዝጊያ። «ጎበዝ ናት፣ አለፈችኝ።»

ከጨዋታው በኋላ ፌንጣ መውጫው ጋ ጠበቀቻት። «ዱሮም ወደ ግራ ስትዞሪ ትዘገያለሽ» አለቻት። «እኔም በዚያ በኩል ነበር የማልፍሽ። እሱን አስተካክዪ።» ምርኩዟን ይዛ ሄደች።

ፌንጣ ያን ውድድር ዘመን ሳትቀር መጥታ አፏጨች። በሚቀጥለው ቀረች። የልጆች ቡድን ማሰልጠን ጀምራ ስለነበር የልጆቹ ጨዋታ በዚያው ሰዓት ሆነ፤ ሰለቸኝ ብላ አላወራችም። ዛሬ ትንሽ እያነከሰች ሜዳ ዳር ቆማ ስትጮህ ድምፅዋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። መዝጊያም ጉልበቷ እስኪደክም ተጫወተችና ሱቁን ከአጎቷ ተረከበች። እናቷ እስካሁን አንድ ጥያቄ ትተው አያውቁም።

«ይቅር አለችሽ?»

«አላለችኝም።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«እግሯ ተመልሶላታል እንዴ፣ እማዬ? ለምን ትለኛለች?»

ባለፈው የድሮው አሰልጣኝ ጎማ ፈንድቶበት ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሱቁን ማን እንደያዘው ያወቀው መኪናውን ካቆመ በኋላ ነው፤ አልወረደም። እሷ ክሪኩን አስገብታ መኪናውን አነሳችው፣ ጎማውን ፈታች፣ ከሱቁ በሌላ ቀየረች፣ ቡሎኑን አጠበቀች። እሱ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሲያያት ቆየ።

«አሁንም ስለኔ ታወሪያለሽ?» አላት።

«ሲጠይቁኝ።»

«ያ ነገር አልቆ የለም እንዴ?»

«ላንተ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ቀን ፌንጣ ጋ ሄደህ ያልከውን ብትነግራት ግን ይሻልሃል። እኔ ነግሬያታለሁ፣ ካንተ አፍ አልሰማችውም።»

አሰልጣኙ መሪውን ያዘ። እሷ ወደ ኋላ ዞራ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍታ አየች።

«ትርፍ ጎማህም ተንፍሷል፣ ኮች» አለችው። «ልንፋልህ?»